ማውረድ ለብቻ፣ መጫን ለብቻ፦ የአንድ የጅማ ትምህርት ቤት የሊኑክስ ዴስክቶፕ ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የገጠመን ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው ተመሳሳይ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ ነው። አሮጌ ማሽን፣ በስልክ የሚገዛ ኢንተርኔት፣ ሲፈልግ የሚሄድ መብራት። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ቦታ ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፕ መጫን ሌላ ቦታ ላይ እንደሚሠራው አይሠራም።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ኮምፒውተሮች አሉ። ሁሉም በእርዳታ የመጡ ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ኮር ቱ ዱዎ፣ ራማቸው 2 ጊጋባይት ነው። ለዓመታት ይሠሩ የነበሩት በዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፍ መስጠት ያቆመው ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በፍላሽ የሚገባው ቫይረስ ክፍሉን አላስቀምጥ አለው። ተማሪ የሠራውን ሥራ አስቀምጦ በማግስቱ ሲመጣ ፋይሉ ወደ ሾርትካት ተቀይሮ ያገኘዋል። የአይሲቲ መምህሩ በዚህ ተሰላችቶ ትምህርት ሲዘጋ ስምንቱንም ፎርማት አደረገና ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ዲቢያን 12ን ጫነባቸው።

የጫነው ኔትኢንስት ከሚባለው ትንሹ ፋይል ነው። ይህ ፋይል የያዘው መሠረታዊውን ሲስተም ብቻ ነው። ቀሪውን በጭነቱ ሰዓት ከኢንተርኔት ይጎትታል። ክፍሉ ውስጥ ግን ኢንተርኔት አልነበረም። መምህሩ ጫኚው የኔትወርክ ማከማቻ ልጠቀም ወይ ሲለው «አይ» ብሎ አለፈ። ጭነቱ ያለምንም ስህተት አለቀ። ማሽኖቹ ሲነሱ ግን የሚታየው ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ከታች ደግሞ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ አንድ መስመር ብቻ ሆነ።

ርዕሰ መምህሯ ክፍሉን ሊያዩ መጡ። ስምንቱንም ስክሪን ተራ በተራ ተመለከቱና መምህሩን ላግዝ ወደመጣሁት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሞቱ እንዴ እነዚህ?»

«አልሞቱም እትዬ። ውስጣቸው ደህና ነው። ፊት ነው ያልተሰጣቸው።»

እውነቱም ይኸው ነው። ሊኑክስ ላይ መስኮቱ፣ ሜኑው፣ የማውስ ቀስቱ የሲስተሙ አካል አይደሉም። እንደማንኛውም ፕሮግራም በፓኬጅ ተጠቅልለው የሚመጡ ናቸው። ስዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ኤክስኦርግ አንድ ነው። መስኮቶቹን የሚይዘው ሌላ ነው። ታች ያለው ፓነል ሌላ፣ ፋይል ማየቻው ሌላ፣ መጀመሪያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽም ሌላ። እነዚህ አንድ ላይ ሲሰባሰቡ ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት ይባላሉ። ሁሉም ያሉት ሪፖዚተሪ በሚባለው የፓኬጅ ማከማቻ ውስጥ ነው። ሲስተሙን እንደገና መጫን አያስፈልግም ማለት ነው። ማከማቻውን ማግኘት ብቻ በቂ ነው።

አድራሻው የለም

መምህሩ ከእኔ በፊት ራሱ ሞክሯል። ስልኩን በዩኤስቢ ሰክቶ ኢንተርኔት አጋራና «አፕት ኢንስቶል ኤክስኤፍሲኢ4» ብሎ ጻፈ። አፕት ፓኬጅ አውርዶ የሚጭነው የዲቢያን ፕሮግራም ነው፤ ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ አንዱ የዴስክቶፕ ዓይነት ነው። መልሱ «ፓኬጁን ማግኘት አልቻልኩም» ሆነ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ የፓኬጁም ስም ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ሶርስስ ዶት ሊስት የሚባለው ፋይል ላይ ነው። አፕት የት ሄዶ እንደሚፈልግ የሚነግረው ይህ ፋይል ነው። ጭነቱ ላይ «አይ» ስለተባለ ዋናው የዲቢያን አድራሻ ፋይሉ ውስጥ አልተጻፈም። አፕት ወዴት እንደሚሄድ ካልተነገረው ኢንተርኔት ቢኖረውም አይጠቅመውም።

ፋይሉን ናኖ በሚባለው ጽሑፍ ማስተካከያ ከፍተን ሦስት መስመር ጻፍን። አንዱ ለዋናው ማከማቻ፣ አንዱ ለአፕዴቶች፣ አንዱ ለደህንነት ማስተካከያዎች። ሦስቱም ላይ «ሜይን» እና «ነን-ፍሪ-ፈርምዌር» የሚሉትን ክፍሎች አስገባን። ሁለተኛው ክፍል ከዲቢያን 12 ጀምሮ ለብቻው የወጣ ነው። የሃርድዌር አምራቾች የሚሰጧቸውን ዝግ ፋይሎች የያዘ ነው፤ ቆየት ብሎ ጠቅሞናል። የስሪቱን ስም በተመለከተ ግን «ስቴብል» ሳይሆን የዲቢያን 12 መጠሪያ የሆነውን «ቡክዎርም» ነው የጻፍነው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የእኛ ቀን እና የማሽኑ ቀን

ከዚያ አፕት አፕዴት አልን። አሁንም እምቢ አለ። የዚህኛው መልእክት ለየት ይላል፦ የማከማቻውን ይዘትና ቀን የሚናገረው ሪሊዝ ፋይል «ገና ጊዜው አልደረሰም»፣ የሚጸናው ከ2,700 ቀናት በላይ ካለፈ በኋላ ነው ይላል። መምህሩ ሰርቨሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አድራሻ ሊፈልግ ተነሳ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። የማሽኖቹ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ባትሪዋ ስትሞት ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። መምህሩ ይህን አውቆ ቀኑን በእጁ አስተካክሏል። ግን ያስገባው የእኛን ቀን ነው፦ 2016፣ ወር 12፣ ቀን 5። ነሐሴ 5 ማለቱ ነው። ማሽኑ የተረዳው ግን በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5፣ 2016 ብሎ ነው። ለእሱ ዲቢያን 12 ገና አልተወለደም። ይህ ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. ጁን 10፣ 2023 ነው። አፕት ከወደፊት የመጣ የሚመስል ፋይል ሲያገኝ አልቀበልም ማለቱ ልክ ነው፤ አንድ ሰው የማከማቻውን ቀን ነካክቶ እንዳያታልለው የተቀመጠ ጥበቃ ነው።

ቀኑን ኦገስት 11፣ 2024 አልነው። ሰዓቱንም መጠንቀቅ ነበረብን። ጠዋት 3 ሰዓት ለማሽኑ 9 ሰዓት ነው። ማሽኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ቀኑን በራሱ ማስተካከል ነበረበት፤ በስልኩ መስመር ግን አልተሳካለትም። ከመርካቶ ሲአር 2032 የሚባለውን ባትሪ ገዝተን ስምንቱንም ቀየርን። ዋጋው ቀላል ነው፣ ግልግሉ ትልቅ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የማከማቻ ችግር ከገጠማችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት «ዴት» ብላችሁ የሚመጣውን አንብቡ።

አፕዴቱ ከዚያ በኋላ ያለ ችግር ሄደ።

የትኛው ዴስክቶፕ?

እዚህ ላይ ከመምህሩ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ የፈለገው ግኖምን ነው፤ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ተማሪዎቹም ያንን ቢለምዱ ጥሩ ነው አለ። ግኖም ቆንጆ ነው፣ አልክድም። 2 ጊጋባይት ራም ላይ ግን ገና ሲነሳ ግማሹን ይወስዳል፤ ፋየርፎክስ ሲከፈትበት ዲስኩ መንጫጫት ይጀምራል። ኬዲኢ ፕላዝማ ከድሮው ብዙ ቀልሏል፣ ቢሆንም ለእነዚህ ማሽኖች የግራፊክስ ሥራው ይከብዳል። ኤልኤክስኪውቲ ቀላል ነው።

እኔ የያዝኩት ኤክስኤፍሲኢን ነው። ኦሊቪዬ ፉርዳን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ሥራ ነው። ዲቢያን 12 ላይ ያለው ስሪት 4.18 ነው። ከታች ወይም ከላይ ፓነል፣ ጥግ ላይ ሜኑ፣ ዴስክቶፑ ላይ አይኮን አለው። በዊንዶውስ 7 ያደገ ልጅ ገብቶ ሳይጠይቅ ይሠራበታል። እነዚህ ማሽኖች ላይ ተነስቶ ባዶውን ሲቀመጥ ከ500 ሜጋባይት በታች ነው የያዘው። መምህሩ ግኖምን አንዱ ማሽን ላይ ልየው ቢል እምቢ አልልም ነበር። የከለከለን የዳታው ሂሳብ ነው።

«የስ» ከማለት በፊት

አፕት ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፓኬጅ ሲጠየቅ የሚመጣውን ሁሉ በስም ዘርዝሮ ያሳያል። ከዚያ ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድና ዲስክ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ተናግሮ «ልቀጥል?» ይላል። «ዋይ» የሚለውን ፊደል ተጭኖ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ዳታ በብር የሚገዛ ሰው ግን ያንን ዝርዝር እንደ ደረሰኝ ማንበብ አለበት።

ሁለት መንገድ አነጻጸርን። የመጀመሪያው «ታስክ-ኤክስኤፍሲኢ-ዴስክቶፕ» የሚባለው ጥቅል ፓኬጅ ነው። ይህ ሁሉንም ያመጣል፦ ዴስክቶፑን፣ ሊብረኦፊስን በሙሉ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ሌላም ሌላም። ሁለተኛው «ኤክስኤፍሲኢ4»ን ለብቻው ጠርቶ «ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» የሚል ትእዛዝ መጨመር ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ያለ እነሱ የማይሠራባቸውና «ቢኖሩ ይሻላል» የሚላቸው ሌሎች ፓኬጆች አሉት። ዲቢያን ካልከለከሉት ሁለቱንም ያመጣል። ትእዛዙ ሁለተኞቹን ያስቀራል።

ምንም ሳያወርዱ ማየትም ይቻላል። አፕት ላይ «ኤስ» የሚል ምልክት ከሰረዝ ጋር ሲጨመር የሙከራ ስሌት ብቻ ሠርቶ የፓኬጆቹን ዝርዝር ያሳያል፤ መጠኑን ለማየት ግን ያለ ምልክቱ ጠይቆ «ልቀጥል?» ሲል «ኖ» ማለት ነው። እኛም እንዲሁ አየነው። በሁለተኛው መንገድ የሚወርደው ሁለት መቶ ሜጋባይት አካባቢ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነበር።

ግን ርካሹ መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ዲቢያን ላይ ኤክስኤፍሲኢ4 ኤክስኦርግን ራሱን የሚያመጣው «ቢኖር ይሻላል» በሚለው ስር ነው። ትእዛዙ ያንን ሲያስቀር ዴስክቶፕ ጭናችሁ ስዕል የሚያወጣው አካል ይጎድላል። ስለዚህ ኤክስኦርግን በስሙ ጠራነው። የመግቢያውን ገጽ ላይትዲኤምን ከነግሪተሩ በስም ጠራነው። ተርሚናሉን፣ ማውስፓድ የሚባለውን ጽሑፍ መጻፊያ፣ የኔትወርክ አይኮኑን፣ የድምፅ ማስተካከያውን ጨመርን።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ልንዘነጋው የማይገባ የነበረው ፍላሽ ነው። የኤክስኤፍሲኢ ፋይል ማየቻ ቱናር ይባላል። ቱናር ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዲያሳይ «ጂቪኤፍኤስ» እና «ቱናር-ቮልማን» የሚባሉ ፓኬጆች ያስፈልጉታል። ሁለቱም «ቢኖሩ ይሻላል» ከሚባሉት ናቸው። ጅማ ውስጥ የመምህር ሥራ ሁሉ ያለው ፍላሽ ላይ ነው፦ ፈተናው፣ የማርክ ዝርዝሩ፣ ወርክሺቱ። ፍላሽ የማያሳይ ኮምፒውተር ለእነሱ የተበላሸ ኮምፒውተር ነው። ፓኬጆቹ ራሳቸው ትንንሽ ናቸው፤ ሜጋባይት ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀሩ አይደሉም።

ከሊብረኦፊስ የወሰድነው ራይተርንና ካልክን ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ፋየርፎክስ ኢኤስአር ነው።

ሌሊት ማውረድ፣ ቀን መጫን

የዚህ ጉዳይ ልብ ይህ ነው። አፕት ኢንስቶል ሲባል በአንድ ትእዛዝ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ያወርዳል፣ ከዚያ ይጭናል። ኢንተርኔትና መብራት በማይጓደሉበት አገር ሁለቱን መለየት ጥቅም የለውም። እኛ ጋ ግን ጠላታቸው ይለያያል። የማውረድ ጠላት የዳታ ዋጋና የመስመር መቆራረጥ ነው። የመጫን ጠላት መብራት ነው። ርካሹ ዳታ የሌሊት ጥቅል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌሊት ዝግ ነው። ክረምት ላይ ጅማ ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጎድጓድ አይጠፋም፤ መብራትም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያመች ሰዓት ስንፈልግ ብንውል አናገኝም ነበር።

ስለዚህ ለየናቸው። መምህሩ የአንደኛውን ማሽን ሲፒዩ በባጃጅ ጭኖ ቤቱ ወሰደው። «አፕት-ጌት ኢንስቶል» ላይ «ዳውንሎድ-ኦንሊ» የሚለውን ጨምሮ ሌሊት ተወው። ይህ ትእዛዝ ፓኬጆቹን አውርዶ ቋት ውስጥ ያስቀምጣል እንጂ ምንም አይጭንም። መስመር ቢቋረጥ ወይም መብራት ቢሄድ የሚጎዳ ነገር የለም። በግማሽ የቀረው ፋይል «ፓርሻል» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቆያል። ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ሲያስነሳው ካቆመበት ይቀጥላል። መምህሩ ቤት መብራት ሄዶ መጣ፤ የጠፋ ሜጋባይት ግን የለም።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ዳታ የምታስከፍል ልዩነት አለች። «አፕት» የሚለው አጭሩ ትእዛዝ ጭኖ ሲጨርስ ያወረዳቸውን ፓኬጆች ያጠፋቸዋል። «አፕት-ጌት» የሚለው የቆየው ትእዛዝ ግን ይተዋቸዋል። ሰባት ሌሎች ማሽኖች እየጠበቁ ስለሆነ እኛ የተጠቀምነው አፕት-ጌትን ብቻ ነው። በልማድ አጭሩን ጽፈን ቢሆን የሌሊቱ ሥራ መጀመሪያው ማሽን ላይ አልቆ ይቀር ነበር።

ጠዋት ሲፒዩው ተመለሰ። «ኖ-ዳውንሎድ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ኢንስቶል ስንለው ኢንተርኔት ሳይነካ ከቋቱ ብቻ ጫነ። ስናስነሳው የላይትዲኤም መግቢያ ብቅ አለ። ርዕሰ መምህሯ ሲያዩት «በሉ የቀሩትንም እንዲህ አድርጉልኝ» አሉ።

ሰባቱን ከአንዱ

ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ አሮጌ የኔትወርክ ስዊችና ኬብል ነበር። ይህ ጥሩ ዕድል ነው። መጀመሪያው ማሽን ላይ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» የሚባል ፓኬጅ ጫንን። ሥራው አንድ ነው። ሌሎቹ ማሽኖች ፓኬጅ ሲፈልጉ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃሉ። ካለው ይሰጣል፣ ከሌለው አንድ ጊዜ አውርዶ ለሁሉም ያስቀምጣል። የሚያዳምጠው በፖርት 3142 ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን ቋሚ አይፒ ሰጥተን፣ የአፕት ማስተካከያ ፎልደር ውስጥ የፕሮክሲ፣ ማለትም መሃል ሆኖ የሚያቀብለው የመጀመሪያው ማሽን፣ አድራሻ የያዘ አንድ መስመር ጻፍን። የወረዱትን ፓኬጆች «ኢምፖርት» ወደሚባለው የካቸሩ ፎልደር ገለበጥናቸው። ካቸሩ እንዲያውቃቸው ግን የፓኬጆቹ ዝርዝር በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ስለዚህ ስልኩን እንደሰካን መጀመሪያው ማሽንም ራሱ በፕሮክሲው አፕዴት እንዲያደርግ አደረግን።

ከዚያ በኋላ የሰባቱ ማሽን ጭነት በስዊቹ ፍጥነት ሆነ። ከኢንተርኔት የወጣው ኢምንት ነው።

መምህሩ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አድራሻው ኤችቲቲፒ ነው፣ ኤስ የለውም። መሃል ላይ ደግሞ የእኛ ካቸር አለ። አንድ ሰው ፓኬጁን ቢቀይረውስ?» መልሱ ዲቢያን የሚተማመነው በመስመሩ ላይ ሳይሆን በፊርማው ላይ ነው። የሪሊዝ ፋይሉ በዲቢያን ቁልፍ ተፈርሟል። ውስጡ የፓኬጅ ዝርዝሩ የሂሳብ አሻራ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ አለ። አንድ ባይት ከተቀየረ አሻራው አይገጥምም፣ አፕትም አይጭነውም። ፋይሉ ከኢንተርኔት ይምጣ ከጎረቤት ማሽን ለውጥ የለውም።

ስዊች ለሌላቸው ክፍሎች ፍላሽም ይበቃል። የቋቱን ፓኬጆችና የዝርዝሮቹን ፎልደር ሁለቱንም ገልብጦ ቀጣዩ ማሽን ላይ እዚያው ቦታቸው ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ፓኬጆቹን ብቻ ገልብጦ ዝርዝሩን ይረሳል፤ አፕት ያን ጊዜ የያዘውን አያውቀውም።

መብራት መሃል ላይ ሲሄድ

አራተኛው ማሽን እየጫነ ሳለ ነጎደ። የፓኬጆቹ ስም አንድ በአንድ እየወጣ ነበር። ክፍሉ ጨለመ። መምህሩ «አለቀለት» አለ።

መብራት ሲመጣ ማሽኑ ተነሳ፣ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ብቻ። አፕት-ጌት ስንለው «ዲፒኬጂ ተቋርጧል፣ መጀመሪያ ዲፒኬጂ ኮንፊገር ኤ በል» አለ። ዲፒኬጂ ከአፕት ስር ሆኖ ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም ነው። መልእክቱ መድኃኒቱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ያለውን አደረግን። የተፈቱት ግን ያልተዋቀሩት ፓኬጆች ተራ በተራ ተዋቀሩ። ቀጥሎ «አፕት-ጌት» ላይ «ኤፍ» የሚለውን ምልክት ጨምረን የጎደለውን እንዲያሟላ አደረግን፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ደገምነው። ፓኬጆቹ ሁሉ መጀመሪያው ማሽን ላይ ስላሉ አዲስ ዳታ አልተከፈለም። 

ያስቸገሩት ሁለቱ

አንደኛው ማሽን ሁሉም ከተጫነ በኋላ መግቢያው ሊታይ ሲል ስክሪኑ ይጠፋል። የራሱ የቪጂኤ መውጫ ስለተበላሸ በኋላ አሮጌ የራዲዮን ካርድ ተሰክቶበት ነበር። የኤኤምዲ ካርዶች ከከርነሉ ውጪ የሚመጣ ፈርምዌር ይፈልጋሉ። «ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ» የሚለውን ፓኬጅ ከነን-ፍሪ-ፈርምዌር ክፍል አምጥተን ስናስነሳው ተስተካከለ። የቀሩት የኢንቴል ግራፊክስ ስላላቸው ይህ አላስፈለጋቸውም።

ሁለተኛው የከፋ ነበር። ከእኛ በፊት አንድ ቴክኒሻን ይህን ማሽን ሊያስተካክል ሞክሮ ሶርስስ ዶት ሊስት ውስጥ የኡቡንቱ አድራሻ ጽፎበት ሄዷል። ኡቡንቱ ከዲቢያን የተወለደ ስለሆነ ፓኬጆቹ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። የተገነቡት በተለያየ የላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ስሪት ላይ ነው። መሠረታዊው ላይብረሪ ሊብሲ ከኡቡንቱ ስለመጣ የዲቢያኖቹ ፓኬጆች እርስ በርስ መጋጨት ጀመሩ። «አፕት ፖሊሲ» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ፓኬጅ ከየት እንደመጣ ያሳያል፤ በእሱ አየነው። አንድ በአንድ ወደኋላ መመለስ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው፣ የተረፈ ነገር እንደሌለም ማረጋገጥ ይከብዳል። ማሽኑ ላይ የተማሪ ፋይል ስላልነበረ አጥፍተን እንደገና ጫንነው። ካቸሩ ስላለ ጭነቱ ከዳታ አንጻር በነጻ ነው። የሁለት ስርጭት ማከማቻ አንድ ማሽን ላይ አትቀላቅሉ። ይህን ምክር ለማንም ሳልሰለች እሰጣለሁ።

አማርኛውስ?

ፋየርፎክስ አማርኛ ገጽ ሲከፍት አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ አሳየ። ፎንት የለም። «ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ» የሚባለው ፓኬጅ ዲቢያን ማከማቻ ውስጥ አለ፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ለመጻፍ ደግሞ «አይባስ» ከ«አይባስ-ኤም17ኤን» ጋር ተጫነ። ከውስጡ ሴራ የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ መረጥን። የላቲን ፊደል እየተመታ ግዕዝ ይወጣል፤ ጄ፣ ኤም፣ ኤ ሲመታ «ጅማ» ይሆናል። አይባስ ከዴስክቶፑ ጋር እንዲነሳ «ኢም-ኮንፊግ» በሚለው መሣሪያ ማስተካከል ነበረብን። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ስለሚጻፍ ተጨማሪ ነገር አልጠየቀም። ሁለቱንም ቋንቋ የሚጽፍ ክፍል ጅማ ላይ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ዴስክቶፑ ተጫነ አልልም።

አሁን ያለበት

ስምንቱም ይሠራሉ። ከባድ ቪዲዮ አሁንም ይጎትታል፣ 2 ጊጋባይት ላይ ብዙ ታብ ከተከፈተ ይንተፋተፋል። ለትየባ፣ ለስሌት ሠንጠረዥ፣ ለፓይተን ልምምድ ግን በቂ ነው። በፍላሽ የሚመጣው ያ የዊንዶውስ ቫይረስ ሲገባ እንደ ተራ ፋይል ተቀምጦ ይታያል፤ መምህሩ መርጦ ያጠፋዋል። አፕዴት የሚደረገው በዚያው መንገድ ነው። መጀመሪያው ማሽን ሌሊት ያወርዳል፣ ሌሎቹ ቀን ከእሱ ይወስዳሉ።

ስለ «ቡክዎርም» የተውኩት ነገር ይኸው ነው። ዲቢያን 13 የወጣው ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን «ስቴብል» የሚለው ስም ከ12 ወደ 13 ተሻገረ። ፋይላችን ላይ «ስቴብል» ተጽፎ ቢሆን፣ መምህሩ ለተለመደው አፕዴት ብሎ የጀመረው ሥራ ስምንቱንም ማሽን ሳይዘጋጅበት ወደ አዲስ ስሪት ሊጎትት ይችል ነበር፤ ያውም በዳታ ጥቅል። «ቡክዎርም» ስላልነው ምንም አልተነቃነቀም። ዲቢያን 12 የረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ ሰኔ 2020 ዓ.ም. ይዘልቃል። ዲቢያን 13 ላይ አዲስ የ32 ቢት ጭነት ቀርቷል፣ የእኛዎቹ ግን 64 ቢት ስለሆኑ መሻገር ይችላሉ። መምህሩ ለመሻገር ያሰበው በሚቀጥለው ክረምት ነው፦ አንዱ ማሽን ላይ ስሙን ቀይሮ፣ በሙከራ ስሌቱ የሚመጣውን ዝርዝር አይቶ፣ ሌሊት አውርዶ።